ዘንዶውን ይቅርታ የጠየቅሁበት ሳምንት

እኔ ድርሰት ጽፌ አላውቅም። ከመሥሪያ ቤት የመስክ ሪፖርት በቀር ማለቴ ነው፤ እሱንም ቢሆን ያለፈውን አውጥቼ ወሩን ብቻ እየለወጥኩ ነው የማቀርበው። ሌላው የጻፈውን ማረም ላይ ግን የሚስተካከለኝ የለም። በተለይ ዘንዶና ጠንቋይ፣ ንግሥትና ሰይፍ ያለበት ተከታታይ ድራማ ከሆነ አምስት ደቂቃ አይቼ የደራሲውን ድክመት እዘረዝርላችኋለሁ።

ስሙኝማ። እነዚህ ሰዎች ፀጉራም ካባ ደርበው ሲዋጉ አንድም ሰው አያልበውም። ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ ጋምቤላ ተቀምጦ፣ ከሰዓት በኋላ ይህን ማየት ስቃይ ነው። እኔ በካናቴራ ስቀልጥ እሱ በበግ ቆዳ ላይ ብረት ለብሶ ይፎክራል። መንገዱም ሌላ ጉድ ነው። በአንዱ ክፍል ወር ይፈጃል የተባለውን መንገድ በሚቀጥለው ክፍል ፈረሱ ሳያልበው ይጨርሱታል። እኔ በክረምት ከጋምቤላ ማታር እሄዳለሁ ብዬ ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን የቆምኩ ሰው ነኝ፤ አልታለልም። ደግሞ እዚያ አገር እርሻ የለም። ስፍር ቁጥር የሌለው ሠራዊት ሲሰለፍ ምን በልቶ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ባለሥልጣን የለም። የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ አልዌሮ ግድብ አካባቢ ሩዝ ተዘርቶ፣ ወፍ ተጠብቆ፣ ታጭዶ ጎተራ እስኪገባ ያለውን ልፋት አውቃለሁ። ንጉሥ ሲሞትም ድንኳን አይተከልም። ልጁ ያንኑ ቀን ዘውዱን ይደፋል፤ "ነፍስ ይማር" የሚል እንኳ የለም።

ዘንዶውንስ ተዉት። ክንፉን ዘርግቶ ሲንደረደር ድመት ያባረረው ዶሮ ነው የሚመስለው። ይህን ጮክ ብዬ መናገሬ ኋላ ጣጣ አመጣብኝ ብዬ አስቤ ነበር። የመጣው ግን በሌላ በኩል ነው።

ድራማውን የማየው ኒውላንድ ሠፈር፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ ጋሽ በላቸው ቤት ነው። ጋሽ በላቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ከጎጃም ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ሠላሳ ዓመት የቆዩ፣ ንግግራቸው ትንሽ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው። ቴሌቪዥን አላቸው፣ ሶላር አላቸው፣ እየተንገራገጨም ቢሆን የሚሠራ ቬንትሌተር አላቸው። የሌላቸው እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛቸው የመድኃኒትና የበሽታ ነው፤ ድራማው ውስጥ ደግሞ የሚታመም የለም፣ ዝም ብሎ ይሞታል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከሰዓት እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እተረጉምላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። የእኔም እንግሊዝኛ የስብሰባ ነው። "አቅም ግንባታ" እና "የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ" የሚባል ነገር ካለ አንድም ቃል አያመልጠኝም። ንግሥቲቱ ግን ስለ ባለድርሻ አካላት አታወራም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስትናገር ቆይታ "ምን አለች?" ሲሉኝ፣ "ተናዳለች" እላለሁ። መናደዷን ፊቷም ይናገራል። ቀስ በቀስ ያልገባኝን ሁሉ የደራሲው ድክመት ማድረግ ጀመርኩ። "ይኼ ንግግር ትርጉም የለውም፣ ዝለሉት" እላለሁ። ከዚያ አልፌ ደከም ያለ በመሰለኝ ቦታ ከራሴ እጨምርበት ጀመር። ድርሰቱን ማቃናቴ ነው።

ለምሳሌ አንድ ጠንቋይ ወደ ጨረቃ አንጋጦ ረጅም ትንቢት ሲናገር ሰለቸኝና "ዘንድሮ ዝናቡ ይዘገያል እያለ ነው" አልኳቸው። ጋሽ በላቸው "እዚያም?" ብለው ከልባቸው አዘኑ። ከዚያ ወዲያ በየክፍሉ "ዝናቡስ?" ይሉኛል። አምስተኛው ክፍል ላይ "አካፋ" ብዬ ገላገልኳቸው፤ "ተመስገን" አሉ።

ከሁሉም አምርሬ የምጠላው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ የግንብ ዘበኛ። ወላጆቹ የሞቱበትን ልዑል ከሕፃንነቱ ደብቆ ያሳደገ ነው። በየክፍሉ ብቅ ይልና ረጅም ይናገራል፣ በቀስታ ይናገራል፣ አንድም ቃል አይገባኝም። "ይኼ ሰውዬ ለምን ገና በመጀመሪያው ክፍል አልሞተም?" እል ነበር። ጋሽ በላቸው በዚህ ጊዜ ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን መስማማት አድርጌ ወሰድኩት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ባለቤቴ ስንዱ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ እኔ ለመስክ ሥራ ማታር ነበርኩ። ምጥ ሲይዛት ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ያደረሷት፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆመው የጠበቁት፣ ልጁንም ከእኔ በፊት ያቀፉት ጋሽ በላቸው ናቸው። ስመለስ "የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። እየጠየቅኋችሁ አይደለም፣ እየነገርኳችሁ ነው" አሉኝ። ሳቅን፣ ደስ አለን። እሳቸው ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤታቸውም ካረፉ ቆይተዋል። የሟች እህታቸውን ልጅ ቢንያምን ግን ከሁለት ዓመቱ ጀምረው አሳድገዋል፣ አስተምረዋል፤ ዛሬ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል። ድራማውን በፍላሽ ገልብጦ የላከላቸውም እሱ ነው።

ልጃችን አርባ ቀን ሊሞላው፣ ክርስትና ሊነሣ ሳምንት ሲቀረው እሑድ ስድስተኛውን ክፍል ከፈትን። ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው "ዛሬ አደራ፣ ደህና አድርገህ ተርጉምልኝ" አሉኝ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ልብ አላልኩም።

መሐል ላይ ያ ዘበኛ መጣ። እየተንቀጠቀጠ ልዑሉን አንድ ነገር ጠየቀው። ልዑሉ አንገቱን ደፍቶ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰለት። ቬንትሌተሩ ይንገራገጫል፣ እኔም ምሳ በልቼ ከብዶኛል፣ ምንም አልሰማሁም። "ምን አለው?" አሉ ጋሽ በላቸው፣ ወደፊት ተስበው። ጊዜው ደረሰ አልኩ በልቤ፣ ሽማግሌውን የማሰናበቻ ጊዜ። "'የሰው ልጅ ስላሳደግህ አባት የሆንክ መሰለህ? ዘበኛ ዘበኛ ነው፤ ሂድና በርህን ጠብቅ' አለው" አልኩና በራሴ ድርሰት ከት ብዬ ሳቅሁ።

ጋሽ በላቸው ቴሌቪዥኑን አተኩረው አዩ። ልዑሉ ሽማግሌውን አቅፎ ያለቅሳል። "ታዲያ ለምን ያቅፈዋል?" አሉኝ።

"አስመስሎ ነው" አልኩ። "ደራሲው አያውቅበትም፣ ነግሬዎታለሁ እኮ።"

ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። "መብራት ሊሄድ ነው" አሉ። መብራት አልሄደም፤ ቢሄድም ሶላር አለ። እኔ ግን "እሺ" ብዬ ወጣሁ፤ እንዲያውም በሩ ላይ ዘንዶውን አንድ ጊዜ ሰድቤው ነው የወጣሁት።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ስንዱ ልጁን ታቅፋ እንባዋ ይወርዳል። ጋሽ በላቸው በአጥሩ በኩል ጠርተዋት "ለክርስትናው ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ አልመችም" ብለዋታል።

"ምን አደረግሃቸው?" አለችኝ።

"ምንም።"

"አንተ ምንም ያላደረግህ ቀን የት ይገኛል?" አለችኝ።

ሌሊቱን ሳሰላስል ያገኘሁት አንድ ጥፋት ብቻ ነው፤ ዘንዶውን ዶሮ ማለቴ። ሰው የሚወደው ድራማ እንደ ዘመድ ነው፤ ዘንዶውንም ይወዱት ይሆናል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሜ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጋሽ በላቸው፣ ዘንዶውን ዶሮ ማለቴ ስህተት ነው፤ ግርማ ሞገስ ያለው ፍጥረት ነው፤ ይቅርታ" አልኩ።

ከውስጥ መልስ መጣ። "ለዘንዶው ንገረው።"

ረቡዕ በሌላ መንገድ ሞከርኩ። ከባሮ የወጣ ትልቅ አሳ ገዛሁ። ስንዱ አራስ ስለሆነች የጠበስኩት እኔው ነኝ፤ ከጎኑ በኩል ትንሽ ማረሩን አልክድም። በሳህን አድርጌ ላክሁላቸው። ማታውን ሳህናችን ተመለሰ፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን። የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ማን ያጣዋል? ምንም ቢጠፋ ሁለት ማንጎ፣ አንድ ሎሚ ጣል ይደረግበታል። የጋሽ በላቸው ግቢ ደግሞ ማንጎ የሚረገጥበት ግቢ ነው። ስንዱ ሳህኑን ገልብጣ አየችውና "አለቀ" አለች። ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ። በቀረው አራት ቀን ሌላ የክርስትና አባት አጥቼ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ብጠይቅ የሚሽቀዳደም አለ። ግን ያን ቀን ሆስፒታል በር ላይ የቆመው ሌላ ሰው አይደለም። ልጄ ነገ "የክርስትና አባቴ ማነው?" ሲለኝ፣ ከአጥር ማዶ ያሉትን ሽማግሌ እያየሁ ሌላ ስም መጥራት አልቻልኩም።

ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው አቶ ኡጁሉ ናቸው፤ የአኝዋ ተወላጅ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሠፈሩን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩ። ነገር ሲይዙ የቤት ሥራ እንደሚያርሙ ሆነው ነው የሚይዙት። ሁለተኛው ቱት፣ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነው። ዕድሜው ለሽምግልና አይደርስም፤ ድራማውን ግን እስከ መጨረሻው አይቶታል፣ ስለዚህ እንደ ባለሙያ ወሰድኩት። ቱት ኑዌር ነው፣ ኬንያ ነው የተማረው፣ አማርኛውን ያመጣው ከመንገድ ነው። ለትልቁም ለትንሹም "አንተ" ይላል፤ ማንም አይቀየመውም።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ጋሽ በላቸው ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ጋሽ በላቸው ወንበር አወጡልን፣ ውሃ ሰጡን፣ ለእኔ የሰጡኝ ብርጭቆ ግን ከሌሎቹ አነስ ያለ ነበር።

አቶ ኡጁሉ "ነገሩ ከየት ተነሣ?" አሉኝ።

"ከድራማው" አልኩና ያለኝን አስተያየት ሁሉ፣ ከካባው እስከ ዘንዶው፣ ዘረገፍኩት። ነገሩ ያኔ ከእጃችን ወጣ። ቱት ፈካ አለ። "እውነት ነው፤ ላም ደግሞ የለም" አለ። "ሁሉም ሰው ፈረስ፣ ሁሉም ሰው ሰይፍ። ይኼ ሁሉ ልጅ ወተት ከየት ጠጥቶ አደገ? ዘንዶው ደግሞ አንድ ቀን ከብት በላ። የማን ከብት? አልተናገረም። እንዲህ ዝም ይባላል?"

አቶ ኡጁሉ ድራማውን አላዩትም፤ ታሪኩን ግን አንድ በአንድ ጠየቁ። ማን ከማን ተጣላ፣ ስንት ዓመት ተዋጉ። ሰምተው ሲጨርሱ "ቆይ፣ የዚህ አገር ሽማግሌዎች የት ናቸው?" አሉ።

ተያየን።

"ይኼን ያህል ደም ሲፈስ 'እስቲ ቁጭ በሉ' ያለ ሰው የለም?"

"አንድ ሽማግሌ አለ" አለ ቱት። "ግን እሱ ዘበኛ ነው።"

"በቃ፣ ሽማግሌውን በር ላይ ያቆመ አገር እንዲህ ነው የሚሆነው" አሉ አቶ ኡጁሉ። በሕይወቴ ከሰማሁት የድራማ ትችት ሁሉ ይኼ ይበልጣል፤ እኔ ለምን አላልኩትም ብዬ ቀናሁ።

"ዘበኛ" የሚለው ቃል ሲነሣ ጋሽ በላቸው አቀርቅረው ነበር። ማንንም ሳያዩ ተናገሩ። "ድራማውን ቢንያም ነው የላከልኝ። ስልክ ደውሎ 'ጋሼ፣ ሽማግሌው ዘበኛ አንተን ይመስላል። ስድስተኛው ክፍል ላይ ልዑሉ የሚለውን ልብ ብለህ ስማ፤ እኔ በአፌ ልልህ አልቻልኩም' አለኝ። አምስት እሑድ ጠበቅሁ። ስድስተኛው ሲደርስ ልዑሉ 'የሰው ልጅ ስላሳደግህ አባት የሆንክ መሰለህ፣ ሂድና በርህን ጠብቅ' አለው። ይኼ ሰው ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ሳቀ። ታዲያ እኔ በምን ፊቴ ነው የሰው ልጅ ክርስትና የማነሣው? ቢንያም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይደውላል። አላነሣሁለትም።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወለም ያደረግሁት የሁለት ሰው ልብ ነበር። ያኔ መናዘዝ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? "ጋሽ በላቸው፣ ጥፋቱ የደራሲው ነው" አልኩ። አንድም ቀን አግኝቶኝ የማያውቅ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የሚጽፍ ምስኪን ላይ ለጠፍኩት።

ቱት ግንባሩን ቋጠረ። "እንደሱ አላለም" አለ።

"ማን?" አሉ አቶ ኡጁሉ።

"ልጁ። ልዑሉ። በር ጠብቅ አላለም። እኔ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ማን ነው እንደዚህ የነገረህ?"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ከራሴ ነው የጨመርኩት። ልዑሉ ያለውን አልሰማሁትም። ሌላውንም አብዛኛውን አልሰማሁትም፤ ብሰማም አይገባኝም። ያ ጠንቋይ ስለ ዝናብ አልተናገረም።"

"ዝናቡም?" አሉ ጋሽ በላቸው። ከሁሉ ይልቅ በዚህ የተጎዱ መሰሉ።

"ዝናቡም" አልኩ። "ሽማግሌው ዘበኛ ንግግሩ ስለማይገባኝ ጠላሁት። እርስዎን አላሰብኩም፤ ምንም አላሰብኩም። ይኼ ነው ጥፋቴ።"

አቶ ኡጁሉ እጃቸውን አነሡ። "ቱት፣ ልጁ ምን ነበር ያለው?"

ቱት አማርኛውን ሲፈልግ ትንሽ ቆየ። "ሽማግሌው 'እውነተኛ አባትህን ልታገኝ ትፈልጋለህ?' ይለዋል። ልጁ 'ከአንተ ሌላ አባት አላውቅም' ይላል። ከዚያ ያቅፈዋል።"

ጋሽ በላቸው ወንበራቸውን ወደ ቱት አስጠጉ። ከዚያ ቀስ ብለው "እውነት እንደዚያ ነው ያለው?" አሉ።

"አንተ ራስህ ና እይ" አለ ቱት።

ሽምግልናው ወንበሩን ይዞ ወደ ቤት ገባ። ቬንትሌተሩ ይጥፋ ተባለ። ስድስተኛው ክፍል ተከፈተ። ሽማግሌው ጠየቀ፣ ልዑሉ መለሰ፣ ቱት ተረጎመ። ጋሽ በላቸው "ድገመው" አሉ። ተደገመ። "አንድ ጊዜ።" ተደገመ። በሦስተኛው ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም አለቀስኩ፤ የሚገርመው ያለቀስኩት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም፣ ደራሲውም አሳዝኖኝ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስሰድበው የኖርኩት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ኖሯል።

አቶ ኡጁሉ ፍርዱን ሰጡ። "ይኼ ሰው ክፉ አይደለም። አፉ ከጆሮው ይቀድማል፣ ይኼው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቱት ይተርጉም። እሱ አስተያየት ካለው ክፍሉ ሲያልቅ እጁን አውጥቶ ይናገር። ዘንዶውን ዶሮ ስላለ ደግሞ ለክርስትናው ዶሮ ይረድ።"

"ስንት?" አልኩ።

"ዘንዶው ስንት ነው?"

"ሦስት ናቸው" አለ ቱት።

ጋሽ በላቸው ሳቁ። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም ስል አንሥተው አቀፉኝ፤ ሸሚዛቸው ተጨማደደ፣ ግድ አልሰጣቸውም። ስወጣ ከኋላዬ ስልክ ሲደውሉ ሰማኋቸው። "ቢንያም? አየሁት... አዎ፣ አሁን ነው ያየሁት። ተርጓሚው አስቸግሮ ነው።"

እቤት ስገባ ስንዱ ገና ሳትጠይቀኝ በአጥሩ በኩል ተጠራች። የመጣው ያው ሳህናችን ሳይሆን የእሳቸው ትልቁ ትሪ ነበር፣ ማንጎ ተከምሮበት።

እሑድ ልጃችን ክርስትና ተነሣ። ጋሽ በላቸው ነጭ በነጭ ለብሰው ሲያቅፉት አንዴም አላለቀሰም። ሦስቱ ዘንዶዎች በወጥ ቀረቡ። እንግዳው ሲበተን፣ ከሰዓት በኋላው ሲከብድ፣ ጋሽ በላቸው ሕፃኑን ታቅፈው "የመጨረሻውን ክፍል እንይ" አሉ። ስንዱም መጣች። ቱት ግን የለም፤ እንግዶች ሊያደርስ ሄዷል።

ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው ዘበኛ ቆስሎ ወደቀ። ልዑሉ ከሩቅ እየሮጠ ይመጣል። ሽማግሌው ደግፎ የያዘውን ወታደር አንገት ይዞ አንድ ነገር አለውና ዓይኑን ከደነ።

ጋሽ በላቸው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለ?"

"እኔ እኮ ተከልክያለሁ።"

"ፈቅጄልሃለሁ። ምን አለ?"

አጭር ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ሰምቼው ነበር። "'ልጁ በልቷል?' አለ።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ጨመርክበት?"

"አልጨመርኩም ጋሽ በላቸው። ይኼን መጨመር የምችል ይመስልዎታል?"

ትንሽ አሰቡ። "አትችልም" አሉና፣ እቅፋቸው ውስጥ የተኛውን ልጅ አየት አድርገው ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

"ስንዱ፣ ልጁ ጠብቷል?"